አርባ አንደኛው ትራስ

«እስቲ አንብቢልኝ የኔ ልጅ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም» አሉ ልብስ ሰፊዋ፣ ትራሱን ጭናቸው ላይ አመቻችተው።

ጠብታ ወደ ካርዱ ጎንበስ አለች። ካርዱ በቀጭን ሪባን ከትራሱ ጥግ ላይ ታስሯል። የገዛ እጇ ጽሑፍ ነው፤ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሏ ታውቀዋለች። ያም ሆኖ የባዕድ ቋንቋ የተጻፈበት ይመስል አፍጥጣበት ቀረች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ነገ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያኑ መቶ ዓመት ይሞላዋል። ጳጳሱ ይመጣሉ። ጡረታ የወጣችው ነርስ መሰላል ተበድራ መስኮቶቹን ትወለውላለች፤ ዳቦ ጋጋሪው ከሁለት ልጆቹ ጋር አግዳሚዎቹን ያስተካክላል፤ መዘምራኑ ከፊት ቆመው አንዱን መዝሙር ለአምስተኛ ጊዜ ይሞክራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ በባንክ ሕንፃና በአውቶቡስ ማቆሚያ መካከል ተጣብቆ የቆመ ስለሆነ፣ ደወሉ በተደወለ ቁጥር ከውጭ የሹፌሮች ጡሩምባ ይመልስለታል። «መልስ የሚሰጥ ምእመን አጥተን አናውቅም» እያሉ ቄሱ ይቀልዳሉ።

የትራሶቹ ነገር የተጀመረው ከአርባ ዓመት በፊት ነው። በአንድ ክረምት አሸንዳው ፈንድቶ ውሃ ሲገባ፣ ሰው ለጸሎት የሚንበረከክባቸው ምንጣፎች በስብሰው ተጣሉ። ያኔ የአጥቢያው ሴቶች ሸራና ክር ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው ደስ ያላቸውን ሥዕል ጠለፉ። ስድሳ የመንበርከኪያ ትራስ ወጣ። አንዱ ላይ ዓሣ፣ አንዱ ላይ ማሰሮ፣ አንዱ ላይ ደግሞ ማንም ምንነቱን ያላወቀው ባለአምስት እግር እንስሳ አለ። የትኛውን ትራስ ማን እንደጠለፈው የሚናገር ዝርዝር ነበር። ለምን እንደጠለፈችው ግን የተጻፈ ነገር የለም፤ ጠላፊዎቹም አንድ በአንድ እያለፉ ነበር።

«አንቺ ብዕርሽ ይጣፍጣል» አሏት ቄሱ ጠብታን። «ቤት ለቤት ሂጂና ጠይቂልን። ለእያንዳንዱ ትራስ አንድ ካርድ።»

ከልጅነቷ ጀምሮ ትንሽ ስለሆነች ጠብታ እያሉ የሚጠሯት ልጅ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ እንዲህ ያለ አደራ ሲሰጣት መሬቱ አልበቃት አለ። ሁለት ወር ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ደብተሯን ይዛ ዞረች። ሃምሳ ዘጠኙን ጨረሰች። የቀረው አርባ አንደኛው ነው፤ ስድስተኛ እርከኑ የጎደለ መሰላል የተጠለፈበት። ጠላፊዋ ልብስ ሰፊ ከተማው ዳር ወደ ልጃቸው ሰፈር ከሄዱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ሁለት አውቶቡስ ያስይዛል። ጠብታ ሁለቴ ሄዳ በሩ ተዘግቶ አገኘችው። ጎረቤቲቱን «ሐሙስ እመለሳለሁ በዪልኝ» ብላት ተመለሰች። ሐሙስ ግን በማግስቱ የሒሳብ ፈተና ነበር፤ ካርዶቹም በዚያው በማግስቱ ለመቶኛ ዓመቱ መጽሐፍ ማተሚያ ቤት መግባት ነበረባቸው።

ስለዚህ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ከልቧ ፈጥራ ጻፈችው። ባላቸው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ሊጠግን ወጥቶ ወድቆ ሞተ። እሳቸውም መሰላሉን ሲጠልፉ፣ እግሩ የከዳበትን እርከን ባዶ ተዉት። ስትጨርስ ራሷ አለቀሰች። በዚያ ዘመን እዚህ ያልነበሩት ቄሱም አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህንን ጳጳሱ ፊት አንቺው ታነቢዋለሽ» አሉ።

ዛሬ ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ለነገው በዓል ቀድመው መጥተው ትራሳቸውን አገኙት።

«ምነው? ጽሑፉ ጠፋ እንዴ?» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«‹ይህን ትራስ የጠለፉት ልብስ ሰፊ ናቸው› ይላል» አለች ጠብታ፣ ቶሎ ብላ።

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«በቃ... ይኸው ነው እትዬ።»

«በቃ? ፊደሉን ለመለየት ቢያቅተኝም ጥቁር ጥቁሩ ይታየኛል እኮ። እስከ ታች ድረስ ነው የጻፍሽው።»

ጠብታ ጊዜ ለመግዛት ያህል፣ ያን ሐሙስ መጠየቅ የነበረባትን ጥያቄ አሁን ጠየቀች። «እትዬ፣ ስድስተኛው እርከን ግን ለምን ቀረ?»

ልብስ ሰፊዋ በጣታቸው መሰላሉን ከታች ወደ ላይ ዳሰሱት። «ያኔ ጣሪያው ሲጠገን የትም ብትዞሪ መሰላል ነበር። ደግሞ ለእጅ ይቀላል፤ ቀጥ ቀጥ ነው። ከላይና ከታች ጀምሬ ወደ መሀል መጣሁ። ስድስተኛው ሲቀረኝ ልጄ ልወለድ ብላ አጣደፈችኝ። ተኝቼ ስነሳ ለካ ሴቶቹ ጥጥ ጠቅጥቀው ሰፍተውታል። ‹አንድ እርከን እኮ ቀርቶኛል› ብላቸው ‹እሱን ዘሎ ይወጣዋል› አሉኝ። የኔ ሰውዬ እስካሁን ይስቅብኛል።»

«ሰውዬ?» አለች ጠብታ።

«ባለቤቴ ነዋ፤ ሰዓት ሠሪው። እዚህ ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ እሑድ ያለ እንቅልፍ አይሆንለትም። ነገ ግን ስምሽ ከተጠራማ እመጣለሁ አለ። ኮቱን ተኩሼለት ነው የመጣሁት።»

ጠብታ ካርዱን ገለበጠችው። የሞተው ሰው ነገ ኮቱን ለብሶ ይመጣል። ፊት ለፊት ይቀመጣል። እሷም ማይክራፎን ጨብጣ እንዴት እንደሞተ ታነብለታለች።

መዘምራኑ ዕረፍት ወጡ። ምስጢሩን ብቻዋን የምታውቀው ጓደኛዋ፣ ድምጿ ትልቅ በመሆኑ ጉሮሮ የሚሏት ዘማሪ፣ ውሃ የምትፈልግ መስላ መጣችና ክንዷን ስባ ወደ አምዱ ጥግ ወሰደቻት።

«ሴትዮዋ እሷ ናት? አለቀልሽ» አለች በሹክሹክታ።

«ባሏ በሕይወት አለ።»

«እያሾፍሽ ነው።»

«ነገ ይመጣል።»

ጉሮሮ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ሳቅ ይሁን ድንጋጤ አልለየም። «ስሚኝ። አሁን አንድ ቆንጆ ነገር ፈጥረሽ አንብቢላት፤ አታይም። ነገ ጠዋት ሆዴን በይ። ቄሱ ሌላ ሰው ያስነብባሉ፣ ጥፋቱ የማተሚያ ቤት ይመስላል። ማን ነቃ?»

«ሽማግሌውስ?»

«ሽማግሌው ምን? መሞቱን ቢሰማ አይሞት።»

ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ ትፈርስ ነበር። ጠብታ አንገቷን አዙራ አየች። ልብስ ሰፊዋ ትራሱን እንዳቀፉ፣ መስኮት ወልዋይዋን ነርስ «ይሄ የኔ ነው፤ መሰላሉ» እያሉ ያሳዩዋታል። ነርሷ ዞር ብላ እጇን ታወዛውዛለች።

ሌላ ቆንጆ ነገር መፍጠር አያቅታትም ነበር። እንዲያውም መጥቶላታል፤ ሁለት ዐረፍተ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ያስፈራት እሱ ነው።

ተመልሳ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እትዬ፣ አሁን የተጻፈውን ላንብብልዎት። እስክጨርስ ግን አያቋርጡኝ።»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ድምጿ «ወድቆ ሞተ» የሚለው ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ፤ ግን አልዘለለችውም።

ከውጭ አንድ አውቶቡስ እያቃሰተ ቆመ፤ ሄደ።

«ገደልሽብኝ በያ» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ከጣሪያ ጥለሽ።»

«አዎ።»

«የኔን ሰውዬ? ወንበር ላይ መቆም የሚፈራውን? የግድግዳ ሰዓት እንኳ ሊጠግን ሲል እኔ ነኝ ወጥቼ የማወርድለት።» ትከሻቸው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ጠብታም ልትስቅ ምንም አልቀራት። ከዚያ ሳቁ በዚያው ቆመ፤ ሴትየዋ እጃቸውን ትራሱ ላይ አሳረፉ።

«ጎረቤቴ ነግራኝ ነበር። ደብተር የያዘች ልጅ ሐሙስ ትመጣለች አለችኝ። ወንበር በር ላይ አውጥቼ እስኪመሽ ጠበቅኩሽ። ሰውዬው እንኳ ‹ምን ልትነግሪያት ነው?› እያለ ሲቀልድብኝ ዋለ።»

ጠብታ ስለ ሒሳብ ፈተናው ልትናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ሪባኑን መፍታት ጀመረች። ቋጠሮው ጠበቀባት፤ በጥርሷ ልትፈታው ስትል ልብስ ሰፊዋ «ስጪኝ» ብለው ባላዩት ቋጠሮ ላይ ሁለት ጣት ጣል አድርገው ፈቱት። ካርዱን መልሰው አስጨበጧት።

የቄሱ ክፍል ከመሠዊያው ጀርባ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የታተሙት የመቶኛ ዓመት መጻሕፍት በገመድ ታስረው እስከ መስኮቱ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ፣ ገጽ ሠላሳ ሁለት ላይ፣ ሰዓት ሠሪው ሞቷል። ቄሱ ስልክ እያወሩ ነበር። «አዎ ብፁዕ አባታችን፣ አንዲት ልጅ ታነባለች። ሲሰሙት ያዩታል።» ስልኩን ዘግተው ቀና ሲሉ አዩዋት፤ ፊታቸው በራ።

«ጠብታ፣ ለልምምድ ነው የመጣሽው?»

ከኋላዋ መዘምራኑ እንደገና ጀመሩ። የጉሮሮ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። ጠብታ ካርዱን ከጀርባዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አይደለም አባ» አለች። «እስክሪብቶ ፈልጌ ነው። ደግሞ... በሩን ልዝጋው?»