አውጫጭኝ ላይ የተኛችው ልጅ

ኑ እስቲ፣ ወደዚህ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁም እለፉ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይሄድም። የማጫውታችሁ አይናዲስ ስለምትባል የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ባቡር አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ እዚሁ አራዳ የሆነ ነገር ነው።

«በይ ተኚ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ።

አይናዲስ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ሜዳው መካከል ቆማለች። ሰፈሩ በሙሉ ሣሩ ላይ ተቀምጦ እሷን ያያል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን፤ ሕፃናቱ ደግሞ የትም።

«ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ነው የምተኛው፣ እትዬ?»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ!» ብሎ ጮኸ ከበደ ከወንዶቹ መካከል። የአይናዲስ እኩያ ነው፤ ምላሱ ግን በሁለት ዓመት ይበልጣታል። «ሕልመኛዋ፣ እባክሽ አንድ በቅሎ አልሚልን! ልጓሙንም እንዳትረሺ!»

ሰዉ ሳቀ። ሜዳው ላይ ሲውሉ ሦስተኛ ቀናቸው ስለሆነ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

በዚያ ዘመን ከብት ተሰርቆ ሌባው ካልታወቀ፣ ሰፈሩ እንዳለ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አውጫጭኝ ይሉታል። ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ነው፤ ስም እስኪወጣ ድረስ ሱቅ አይከፈት፣ ገበያ አይወጣ። እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ ይነሣና «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም አልነገረኝ» ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ሰው በአደባባይ መናገር ከፈራ ለሽማግሌዎቹ በምስጢር ያወራል፤ እሱን ነው እንግዲህ «ወፍ» የሚሉት። የጠፋችው የወይዘሮ ሙሉነሽ ግራጫ በቅሎ ነበረች። ወይዘሮ ሙሉነሽ ጠጅ ሻጭ ናቸው፤ ከሰው ሁሉ ያቺን በቅሎ ይወዳሉ ይባላል። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ወፍ አልመጣም።

ታዲያ አይናዲስን ምን አመጣት? አምና አቡጀዲ ሻጩ ኡመር የሱቁን ቁልፍ ጥሎ ሰፈሩን ሲያምስ፣ አይናዲስ በሕልሟ አየሁት ብላ ከአባቷ ኮርቻ ሥር አወጣችለት። ከዚያ ወዲህ ስሟ ወጣ። «የኮርቻ ሰፊው የአባይነህ ልጅ ያየችው አይስትም» ተባለ። እሷም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሏታል።

ደግሞም ያለ ምክንያት አልነበረም። አይናዲስ ሕልም ላይ መሆኗን እዚያው ሕልሟ ውስጥ ሆና የምታውቅ ልጅ ነበረች። መጀመሪያ ላይ ባወቀች ቁጥር በደስታ ትጮህና ጩኸቷ ይቀሰቅሳታል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነባት። አንድ ቀን ግን አባቷ አዲስ ኮርቻ ባልተገራ በቅሎ ላይ ሲሞክር እንዲህ አላት፦ «ልጄ፣ እላዩ ላይ ስትወጪ ደስም አይበልሽ፣ ፍርሃትም አይያዝሽ። ሁለቱንም ያውቅብሻል። መዳፍሽን አሙቂና አንገቱ ላይ አድርጊው፤ እዚያው መሆንሽን ይወቅ።» አይናዲስ ምክሩን ወደ ሕልሟ ይዛው ገባች።

ጓደኛዋ ለተክርስቶስ ስለዚህ ነገር መጠየቅ አይሰለቻትም ነበር። ቤተሰቧ ከትግራይ መጥቶ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ የሚኖር ነው።

«እንዴት አትነቂም ግን?»

«መዳፌን አፋትጋለሁ፣ እስኪሞቀኝ። ከዚያ ቅርብ ያለውን እነካለሁ። ግድግዳም ይሁን፣ ድንጋይም ይሁን። ሩቅ ሩቁን ካየሁ ይበተንብኛል። አንድ ነገር ላይ ካፈጠጥኩም ይሟሟል። ቀስ ማለት ነው።»

«ዋይ! እኔ ብሆን እበር ነበር።»

«በረርኩ እኮ፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ ከመደቡ ወድቄ ነቃሁ።»

አሁን ታዲያ ወይዘሮ ሙሉነሽ ለሽማግሌዎቹ «ሰው ወፍ ካልሆነ የልጅቷ ሕልም ወፍ ይሁነን» አሉ። ዳኛው ባላምባራስ ወልደገብርኤል ሪዛቸውን ሲያሹ ቆዩና «እስቲ ትሞክር» አሉ። አባይነህ ልጁን አየ። «ትችያለሽ?» አላት። «እችላለሁ» አለችው፤ መቻሉን እንደሆነ አልተጠራጠረችም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። በቅሎዋ ከመጥፋቷ አንድ ቀን በፊት፣ የለተክርስቶስ ወንድም ሐድጉ ለበቅሎዋ የአሞሌ ጨው ፍርፋሪ ሲያልሳት አይታለች። ሐድጉ ድንጋይ ተሸካሚ ነው፤ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ዋስ የሚሆነው ሰው የለውም። አይናዲስ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ልቧ ውስጥ ግን ተቀምጧል።

ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር የአባቷን የኮርቻ ምንጣፍ አነጠፉላት። ኩታዋን ተከናነበች። ፀሐይ ነው፣ ዝንብ ነው፣ ከሩቅ ሕፃን ያለቅሳል። ሌሊቱን በሐሳብ ስትገላበጥ ስላደረች እንቅልፉ ሳይቆይ መጣ።

ከዚያ ድልድዩ ላይ ነበረች። ብቻዋን። ገበያ ቀን ነው፣ ነገር ግን ሰው የለም፤ ወንዙም ይፈሳል፣ ነገር ግን ድምፅ የለውም። እጇን አየችው። ጣቶቿን ቆጠረች፤ ስድስት ሆኑ።

«ሕልም ነው» አለች በልቧ። ደስታው እንደ ልማዱ ከሆዷ ተነሣ። ወዲያው የድልድዩ ጫፍ እንደ ጭስ መሳሳት ጀመረ። አልጮኸችም። መዳፎቿን አፋተገች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስኪሞቃት። ድንጋዩን ነካች፤ ሻካራ ነው። ድልድዩ ተመልሶ ቆመ።

ግራጫዋ በቅሎ ከፊቷ ነበረች። ጋቢ የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይስባታል።

«አንተ!» አለች ቀስ ብላ። «ዙር እስቲ።»

ዞረ። ሐድጉ ነው።

ልቧ ዘለለ። ወንዙ ጠፋ፣ ሰማዩ ጠፋ፤ ከሩቅ የሕፃኑ ለቅሶ ተሰማት፣ የሜዳው ሕፃን። ልትነቃ ነው። ስሙ እጇ ገብቷል። አሁን ብትነሣ ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ሰዉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ የሷም ስም ከቀድሞው የበለጠ ይወጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ነበር የምትነቃው።

አይናዲስ ግን ተንበረከከች። ሁለት እጇን ድንጋዩ ላይ አሳርፋ ቅዝቃዜው እስኪሰማት ጠበቀች። ወደ ሩቅ አላየችም። ከጣቶቿ መካከል የበቀለችውን ቅጠል ብቻ አየች፤ ቀጥላም ድንጋዩን፣ ቀጥላም የበቅሎዋን ኮቴ። የሕፃኑ ድምፅ ራቀ። ሕልሙ ረጋ።

ቀና ስትል ሰውየው እዚያው አለ። «ሐድጉ ባይሆንስ?» ብላ አሰበች። «ያ ምላሰኛ ከበደ ቢሆንስ?» ገና ሳትጨርሰው ከበደ ሆነ፤ ጥርሱን አውጥቶ ይስቃል። ደነገጠች፣ መዳፏን አሸች። «ኡመርስ?» ኡመር አቡጀዲውን ትከሻው ላይ ጥሎ በቅሎዋን ያዛት። አሁን አንድ ሐሳብ ሊመጣባት ሆነ፤ እንዳይመጣ ታገለችው። መታገሏ ራሱ ጠራው። የበቅሎዋን ገመድ የያዘው አባቷ ነበር፤ ወስፌው በእጁ፣ የቆዳ ሽታው ሳይቀር።

«ማን ነህ?» አለችው፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

ሰውየው በራሷ ድምፅ መለሰላት። «ማን ልሁንልሽ?»

ከዚህ በኋላ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። እጇን ከድንጋዩ አነሣች፣ ሩቅ፣ ወደ ሰማዩ ቀና አለች፤ ሕልሙን ራሷ ለቀቀችው።

ዓይኗን ስትገልጥ ደመና ሜዳው ላይ አጥልቷል። ባላምባራስ ወልደገብርኤል በላይዋ ቆመዋል። ወይዘሮ ሙሉነሽ አጠገባቸው ሆነው ጣታቸውን ያፍተለትላሉ። የባላምባራሱ አሽከር ገመድ ጠቅልሎ ይዟል።

«ተናገሪ ልጄ» አሉ ባላምባራሱ። «ማንን አየሽ?»

አይናዲስ ተነሥታ ቆመች። ከወንዶቹ ወዲያ ሐድጉን አየችው፤ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። በዙሪያው ሰው የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሰዉ ትንሽ በትንሽ እየሸሸው፣ ዙሪያው ሰፊ የሣር ቦታ ባዶውን ቀርቷል። እዚያ ለመቀመጥ የደፈረችው እህቱ ለተክርስቶስ ብቻ ናት። ለተክርስቶስ አይናዲስን ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«አራት ሰው አየሁ፣ ጌታዬ።»

«አራት?»

«በየተራ በቅሎዋን ሲስቡ። አንደኛው አባቴ ነው።»

አባይነህ ቀና አለ። አላጉረመረመም፤ ቆብ የመሰለ ጥምጣሙን አስተካከለና «እኔም ካለሁበት ጥሪኝ ልጄ» አለ።

«የቀሩትን የሦስቱንም ስም ልጥራ?» አለች አይናዲስ፤ ፊቷን ወደ ሰዉ መልሳ። «እዚሁ ናቸው ሁሉም።»

ማንም «ጥሪ» አላለም። ሰው ሁሉ የገዛ ጉልበቱን ያይ ጀመር። ከበደ እንኳ ጎንበስ ብሎ «ዝናቡ መጣ እኮ ጎበዝ» ሲል ተሰማ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ግን አለቀቁም። «የመጀመሪያውን! ሕልም የመጀመሪያው ነው የሚያዘው! መጀመሪያ ማን ነበር?»

አይናዲስ ወደሳቸው ዞረች። አሁን ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ የመጀመሪያው ላይ ነቅቼ ቢሆን አንድ ስም ይዤልዎ እመጣ ነበር፤ እኔም አምኜ እናገር ነበር። አልነቃሁም፣ ቆየሁ። ስቆይ ያሰብኩት ሰው ሁሉ እየሆነ መጣ። እርስዎን አስቤ ቢሆን ኖሮ የገዛ በቅሎዎን ይሰርቁ ነበር።»

ሰዉ እንደ ገደል ውሃ ሳቀ። ወይዘሮ ሙሉነሽ «ኤዲያ!» ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ጋረዱ።

ባላምባራሱ አልሳቁም። «የኡመርን ቁልፍስ?» አሉ።

«ኮርቻ ስጠርግ ዓይኔ አርፎበት ይሆናል፣ ጌታዬ። ልብ ሳልለው። ሌላ መንገድ የለውም።» ይህን ስትናገር ፊቷ ጋለ፤ ያመት ስሟን በአንድ ትንፋሽ ነው የመለሰችው። ኡመር ራሱን ነቀነቀ፤ ከበደ ደግሞ ጊዜ ሳያጠፋ «ሕልመኛዋ ተኝታ ባዶ እጇን ተነሣች!» አለ።

«በይ እንደ ሰው ሁሉ ማይ» አሏት ባላምባራሱ።

ማለች። ስርቆቱን አላየችም፣ አልሰማችም፣ ወፍም አልነገራት። ለበቅሎ ጨው ማላስ እንደሆነ እሷም ስንት ጊዜ አድርጋዋለች።

«ሂጂ ተቀመጪ» አሉ። «ገመዱን አስቀምጥ፣ አንተ።»

ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ። ሰዉ አጉረመረመ፤ አራተኛ ቀን ሊመጣ ነው። እናቶቹ አይናዲስን በክፉ ዓይን አዩዋት። ከሴቶቹ ወገን ቀድሞ የተቀመጠችበት ቦታ ክፍቱን ይጠብቃታል። አይናዲስ አንዴ አየችው፤ አልፋው ሄደች። ሜዳውን አቋርጣ ባዶው ሣር ጋ ስትደርስ ቆመች።

ለተክርስቶስ ሳታያት፣ በለሆሳስ ጠየቀቻት። «ወንድሜን አይተሽዋል?»

መዋሸት ቀላል ነበር። «አይቼዋለሁ» አለች አይናዲስ።

«መጀመሪያ?»

«አዎ፤ መጀመሪያ።»

ሐድጉ አንገቱን አቀረቀረ። ዝናቡ በለተክርስቶስ ፀጉር ላይ ጠብታ ጠብታ ሠራ። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ወደ ራሷ ሰበሰበችና ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት። አይናዲስም ተቀመጠች። ሦስቱም ጎን ለጎን ሆነው እስኪመሽ ዝናብ መታቸው።

በቅሎዋን ማን እንደወሰዳት እኔ እስከ ዛሬ አላውቅም። ልጆቼ፣ ከዚህ ጨዋታ ሌላው ሁሉ ቢጠፋባችሁ አይከፋኝም። ለተክርስቶስ ቀሚሷን ሰብስባ ቦታ የለቀቀችበትን ያንን ሰዓት ግን፣ እባካችሁ፣ አስታውሱልኝ።