በረዶ ያልነካው ፎቶ

የይሻው ሬሳ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከጋፋት ገደል ሥር በቃሬዛ መጥቶ እህቱ ቤት ሲገባ ልብሱ ገና ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። ሙሉ የምትባለው ይህች እህቱ አላለቀሰችም። በሩን ዘግታ ጎረቤቷን ወይዘሮ ሠናይትን አስጠራች። ወይዘሮ ሠናይት ሃያ ስምንት ዓመት በፖሊስ መርማሪነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ የፈራ የደብረ ታቦር ሰው እሳቸው ዘንድ ይሄዳል።

«መንግሥት ገደለው ይላሉ፣ እትዬ ሠናይት» አለች። «አንቱ ይዩልኝና እውነቱን ይንገሩኝ።»

ይሻው የታሪክ መምህር ነበር። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር «የጋፋት መዶሻ» የሚባል የፌስቡክ ገጽ ያዘጋጃል። ገጹ በሁለት ወር ውስጥ ከተማውን ሁለት ጊዜ ሱቅ አዘግቷል፤ የታሰሩትን ስም እየዘረዘረ እናቶችን አደባባይ አውጥቷል። ለነገ የጠራው ሰልፍ ከሁሉም የሚበልጥ ነበር። ሬሳው በስምንት ሰዓት ተገኘ። በዘጠኝ ሰዓት ገጹ ይሻውን ድንጋይ መካከል በጀርባው እንደ ወደቀ የሚያሳይ ፎቶ ለጠፈ። ከሥሩ «ገደሉት። ነገ ማንም ቤቱ እንዳይቀር» ይላል።

ወይዘሮ ሠናይት ሬሳውን አገላብጠው አዩ። ጥይት የለም፤ የእስራት ምልክትም የለም። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል፤ የሸሚዙ ቁልፍ ደረቱ ላይ ተበጥሷል።

«ከቤት መቼ ወጣ?»

«ሦስት ሰዓት ላይ። የጦር ካምፕ ውስጥ ያለ ወታደር ዘመዳችን ተደብቆ መጥቶ፣ ነገ ወታደር ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ተኩሱ ታዟል አለው። ይሻው ‹ሰልፉ መቅረት አለበት› ብሎ ሮጦ ወጣ። ስልኩን እንኳ ረስቶታል።»

«ይህን ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«ለማንም። ያን ልጅ አስገድለዋለሁ ብዬ ፈራሁ።»

ወይዘሮ ሠናይት ሦስቱን ጓደኞች አንድ በአንድ አነጋገሩ። ፎቶ ቤት ያለው ጥበቡ ገበሬዎች ጠርተውት ሬሳውን አብሮ ያነሣ ነው።

«ገደሉ ሥር በረዶ ሞልቶ ነበር። በእጃችን ጠርገን ነው ያወጣነው» አለና ያነሣውን ፎቶ አሳያቸው። ሁሉም ነጭ ነው፤ የይሻው ፊትና አንድ እጁ ብቻ ይታያል።

«ገጹ ላይ የለጠፍኸው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም። ማርታ ወይም መልካሙ መስሎኝ ነበር። ሁላችንም የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነው።»

ማርታ የፋርማሲ ሠራተኛ ናት። «የሰልፉን ጥሪ ትናንት የጻፈው ራሱ ነው» አለች። «ነገን በጉጉት ነበር የሚጠብቀው።»

የኮምፒውተር አስተማሪው መልካሙ ደግሞ ገሳይ ከተማ ውሎ መምጣቱን ተናገረ። «ሞቱን የሰማሁት ከገጹ ነው፤ ይሻውንም ከትናንት ወዲህ አላየሁትም» አለ።

«ታዲያ ሕዝቡ ነገ ይውጣ ትላለህ?»

«መውጣት አለበት። ይሻው እንደፈለገው ሰልፉን ብናስቀረው ይህ ሕዝብ ዳግመኛ አይነሣም።»

ወይዘሮ ሠናይት አመስግነው ተነሡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሬሳው አጠገብ ሰበሰቡ። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጡ።

«በረዶው የወረደው ስድስት ሰዓት ላይ ነው። በጥበቡ ፎቶ ይሻው በረዶ ለብሷል። ገጹ ላይ ባለው ፎቶ ግን ሸሚዙ ደረቅ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ አለ። ስለዚህ ይህን ያነሣው ሰው ከበረዶው በፊት እዚያ ነበር። የገጹን የይለፍ ቃልም ያውቃል።»

ከዚያ ወደ ሦስቱ ጓደኞች ዞሩ።

«ይሻው እስከ ዛሬ ሦስት ሰዓት ድረስ ሰልፉን የሚፈልግ ሰው ነበር። ሐሳቡን የለወጠው ከቤት ሲወጣ ነው፤ ያንን ደግሞ እህቱ ለማንም አልተናገረችም። ሰልፉ ይቅር ማለቱን የሚያውቅ ከዚያ በኋላ ያገኘው ሰው ብቻ ነው። መልካሙ፣ ከትናንት ወዲህ አላየሁትም ብለህ ‹ይሻው እንደፈለገው ሰልፉን ብናስቀረው› አልኸኝ፤ አንተ አውቀኸዋል።»

«ቤቴ መጥቶ ብቻችንን እንነጋገር ብሎ ጋፋት የወሰደኝ እሱ ነው» አለ መልካሙ። «ተኩስ ታዟል፣ ሰልፉን ልንሰርዘው ነው ሲለኝ ደሜ ፈላ። ስንት ሰው የታሰረበትን ነገር። ገደሉ አፋፍ ላይ ሸሚዙን ያዝሁት፤ ገፋሁት። ልገድለው አስቤ አልነበረም።»

«ፎቶውን ስታነሣ» አለች ማርታ በቀስታ፣ «ነፍስ ነበረው?»

መልካሙ ያነሣውን ፎቶ በፊቱ ደፋው።

«ለማን እንደማስረክብህ ገና አላወቅሁም» አሉ ወይዘሮ ሠናይት። «አሁን ግን ስልክህን አውጣና የሆነውን ጻፍ። ጣሪያ ላይ ስለሚጠብቃቸው ወታደርም ጻፍ።»

መልካሙ ጻፈ፤ ስሙንም አስገባ። ጽሑፉ ተለጠፈ። አምስቱም ስልኩ ላይ አጎንብሰው ጠበቁ። የመጀመሪያው መልስ መጣ፦ «ገጹን መንግሥት ጠልፎታል፤ እንዳታምኑ።» ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ በመቶ የሚቆጠር። ማርታ በራሷ ስም ብትጽፍ «ስንት ከፈሉሽ?» አሏት።

ጠዋት ኢንተርኔት ተቋረጠ። ሕዝቡ ግን የይሻውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ወጥቶ ነበር።

ሙሉ ወይዘሮ ሠናይትን አስከትላ ሰልፉ መሐል ገባች። «ተመለሱ፤ ወንድሜን የገደለው ጓደኛው ነው» እያለች የቅርቡን ሰው ሁሉ ያዘች። የሰማት ግን የለም። አንድ ሰው «እህቱ ናት፤ አሳልፏት» አለ። መንገድ ከፈቱላት፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ከፊት አደረሷት። ወይዘሮ ሠናይት ሊይዟት ሞክረው ሕዝቡ ለያቸው።

በሺህ የሚቆጠር ሰው የወንድሟን ስም ይጠራል። ከፊት ለፊት፣ ጣሪያዎቹ ላይ፣ በሆዳቸው የተኙ ሰዎች ነበሩ። ሙሉ ወደ ሕዝቡ ዞራ ሁለት እጇን ዘርግታ ትመልሳቸው ጀመር። ከሩቅ ላያት ግን ኑ ብላ የምትጠራቸው ትመስል ነበር።