ከመኪናው ሥር የተኛው ሰው

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ ጂን አየሁ፣ ሰይጣን አነጋገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ወሬውን ሳይጨርስ ሻይዬን ጨልጬ የምነሳ ሰው ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በመካኒክነት ስሠራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ድምፅ ሁሉ ምክንያት እንዳለው ነው፣ የሚንኳኳ ነገር ካለ የላላ ብሎን አለ፣ የሚያፏጭ ካለ የተቀደደ ቱቦ አለ፣ በቃ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልጆች ሆነን በጠራራ ፀሐይ ስንሯሯጥ "የቀትር ጋኔን ይመታችኋል" እያለች ስታስገባን እንኳ ታናናሾቼ ሲፈሩ እኔ ነበርኩ የምስቅባት። እንግዲህ ይህን ይዛችሁ ስሙኝ።

የምሠራው ሀርጌሳ ነው፣ መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ጋራዥ ውስጥ። ከድሬዳዋ ወደ በርበራ ከሚመላለሱ የጭነት መኪኖች ጋር በመካኒክነት መጥቼ፣ መንገዱ ሲሰለቸኝ እዚሁ ቀረሁ፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሙስጠፋ የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በዘሩ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ግን ጅጅጋ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ከእኔ የጠራ፣ በዕድሜ ስለምበልጠው "ጋሼ" እያለ የሚጠራኝ። ለጋራዡ ባለቤት "ይህን ሰው ቅጠረው፣ እጁ ጥሩ ነው" ያልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ።

እጁ ጥሩ ነው ስል ግን ይህን ያህል ጥሩ ነው ማለቴ አልነበረም። ስድስት ወር ሳይሞላው ደንበኞች በር ላይ ቆመው "ሙስጠፋ የለም?" ማለት ጀመሩ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ቁልፍ ይዤ፣ እኔን እያዩ። ቋንቋውም የእሱ ነው፣ ከሽማግሌው ጋር ይቀልዳል፣ ከሾፌሩ ጋር ይስቃል፣ እኔ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ሶማልኛዬ የሕፃን ነው። ደግሞ ጥሩ ሰው ነው፣ እመኑኝ፣ ነገሩን የከፋ ያደረገው ይኼው ነው። ክፉ ቢሆን ጠልቼው እገላገል ነበር፣ ጥሩን ሰው መጥላት ግን ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል፣ ቀን እህል አይወርድም። ምሳ ሲመጣ ሥጋውን ወደ እኔ ይገፋል፣ እኔ እሱ የገፋውን ሥጋ እያኘክሁ እጠላዋለሁ።

አንዲት ደንበኛ ግን የእኔ ነበረች። ዶክተር ሁዳ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ በዚያች በአሮጌ ላንድክሩዘሯ ገጠር ለገጠር እየዞረች ግመልና ፍየል የምታክም፣ ረጋ ያለች ሴትዮ። ስድስት ዓመት መኪናዋን ከእኔ በቀር ሰው አልነካውም። ሥራዋ አሸዋማ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ አሸዋው ላይ ስትደርስ የጎማውን አየር ትቀንሳለች፣ ስትወጣ ደግሞ በአንዲት ትንሽ መንፊያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ስትነፋ ትውላለች፣ እሾህ የወጋው ጎማ ካለማ አይነሳ። ስለዚህ "ከመኪናው ጋር ለዘለቄታው የሚገጠም ኮምፕሬሰር እናስመጣ" ብዬ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ዓይነቱን በወረቀት የጻፍኩላትም እኔ።

አንድ ቀን ጠዋት ካርቶኑን ከዱባይ አስመጥታ መጣች። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ልቀበላት ስል "ይህን ሙስጠፋ ቢገጥምልኝ ደስ ይለኛል" አለችኝ በሶማልኛ፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። ቀጥላ "አንተ ደግሞ አጠገቡ ሆነህ ታየዋለህ" አለች። ታየዋለህ። ፈገግ ብዬ "እሺ ዶክተር" አልኩ፣ ፊቴ ላይ የነበረው ፈገግታ ግን የእኔ አልነበረም።

ሙስጠፋ እስከ ቀትር ሠራ፣ እኔም እንደተባልኩት አየሁት። ኮምፕሬሰሩን ኮፈኑ ሥር በብረት መደገፊያ አሰረ፣ ትንሿን የአየር ታንክ ከኋላ ሻንሲው ሥር ሰቀለ፣ ኮምፕሬሰሩንና ታንኩን ሽቦ በለበሰ ቱቦ አገናኘ። ከዚያ ቱቦው ታንኩ ላይ በሚገባበት ትልቅ ብሎን ላይ፣ ከብሎኑ እስከ ታንኩ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ የቀለም መስመር አሰመረ። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፣ በዓይን ይታወቃል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ለጥንቃቄ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ጨርቅ ላይ አኖረና "የቀረውን ከሰዓት በኋላ እናየዋለን ኢንሻአላህ፣ እናቴን ልቀበል አየር ማረፊያ ልሂድ" ብሎ በባጃጅ ሄደ። እናቱ ለሕክምና አዲስ አበባ ከርማ በዚያ ቀን ነበር የምትገባው። ባለቤቱም ሌሎቹም ሰግደው ለማረፍ ወደየቤታቸው ሄዱ። ሀርጌሳን የሚያውቅ ያውቃል፣ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ፍየሎች እንኳ ጥላ ፈልገው ይተኛሉ።

ብቻዬን ቀረሁ። አሁን የምነግራችሁን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከመኪናው ሥር ገባሁ፣ ስህተት ፍለጋ። ምንም የለም። አንዲት የተጣመመች ሽቦ የለችም። የተሳሳተ ነገር ባገኝ ይሻለኝ ነበር፣ ሥራው ማማሩን ሳይ ነው ክፋቱ የገባብኝ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ አነሳሁና ያንን ብሎን ሩብ ዙር አላላሁት። ሩብ ብቻ። ለሙከራው ይይዛል፣ ኮሮኮንቹ ላይ ግን እየተፈታ ይሄዳል፣ አየሩ ይወጣል፣ ታንኩ አልሞላ ስለሚል ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጥ ሲሠራ ውሎ ይቃጠላል። ያኔ ዶክተሯ ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ፣ ሌላ ምንም አላሰብኩም፣ ነጩ መስመር ለሁለት ተሰብሮ ሳየው ደስ አለኝ። አትፍረዱብኝ አልልም፣ ፍረዱብኝ።

ወጥቼ እጄን ታጠብኩና አጥሩ ጥላ ሥር ሩዜን መብላት ጀመርኩ። ሁለት ጉርሻ ያህል እንደዋጥኩ "ድርርርር" የሚል ድምፅ ሰማሁ። የጎረቤት ጄኔሬተር ነው አልኩ። ጥቂት ሠርቶ ቆመ፣ "ጭስስ" ብሎ ተነፈሰ፣ እንደገና ተነሳ። ኮምፕሬሰር ነው፣ ይህን ጆሮዬ አይስተውም። ሄጄ አየሁ። ኮፈኑ ክፍት ነው፣ የባትሪው ገመድ ጨርቁ ላይ እንደተኛ ነው፣ ኮምፕሬሰሩ ዝም ብሏል፣ ግን እጄን ሳስጠጋው ግሏል። የፀሐይ ግለት ነው አልኩ ለራሴ። ዕቃው ግን ጥላ ውስጥ ነበር።

ያኔ ፉጨት ሰማሁ። ሙስጠፋ ሲሠራ ያፏጫል፣ አንድ ዜማ ነው ሁልጊዜ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር። ወደ ኋላ ዞር ስል ሁለት እግሮች ከመኪናው ሥር ወጥተው አየሁ፣ ሰማያዊ የሥራ ሱሪ፣ የግራው ጫማ ተረከዙ የተረገጠ። የእሱ ነው። እናንተም ብትሆኑ አትጠራጠሩም ነበር።

"መጣህ እንዴ?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አሥራ ዘጠኝ ቁልፍ አቀብለኝ" አለኝ፣ በራሱ ድምፅ።

ደነገጥኩ፣ ግን የደነገጥኩት ጂን ነው ብዬ አይደለም፣ ሥራዬን ሊያይብኝ ነው ብዬ ነው። ቁልፉን ዝቅ ብዬ ዘረጋሁለት። እጁ ከሥር ወጥቶ ተቀበለኝ፣ እጁ ግን ንጹሕ ነበር። የመካኒክ እጅ ታውቃላችሁ፣ በሳሙና ቢታጠብ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር አይለቅም። ይህ እጅ ዘይት ነክቶት የማያውቅ እጅ ነው።

"እናትህስ?" አልኩ።

"ትመጣለች።"

"ለምን ተመለስክ ታዲያ?"

ብሎን ሲጠብቅ የሚሰማው ሲጥታ ተሰማኝ፣ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ በቀስታ፣ ሳይቆጣ፣ "ጋሼ፣ ዶክተሯ በምትሄድበት መንገድ ላይ ውሃ እንደሌለ ታውቃለህ አይደል?" አለኝ።

ልመልስለት አፌን ስከፍት ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጠራ። አወጣሁት። ሙስጠፋ ይላል።

"ጋሼ፣ አውሮፕላኑ አሁን ነው ያረፈው" አለኝ በስልኩ፣ ከጀርባው ድምፅ ማጉያ እየጮኸ፣ ሰው እየተንጫጫ። "እናቴን እስካወጣ ትንሽ እቆያለሁ፣ ዶክተሯ ከመጣች ይቅርታ በላት።"

ዓይኔን ከእግሮቹ ላይ አላነሳሁም። የቀኙ እግር የግራውን ቁርጭምጭሚት አከከ፣ ሰው እንደሚያደርገው። ፉጨቱም ቀጠለ።

"ጋሼ? ማነው እዚያ የሚያፏጨው?" አለኝ ሙስጠፋ።

"ሬዲዮ ነው" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ቀና ስል ፉጨቱ ቆሟል፣ እግሮቹም የሉም። ከመኪናው ሥር ወጥቶ ቢሄድ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት፣ በሌላው በኩል የጎረቤት ግንብ ነው።

ተንበርክኬ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ቁልፉ አቧራው ላይ ተቀምጧል። ብሎኑ ጠብቋል፣ የተሰበረው ነጭ መስመር ፀጉር ሳያሳልፍ ገጥሟል። የታንኩን የውሃ ማፍሰሻ ባዶ ነው ብዬ ስከፍት ደግሞ አየሩ ፊቴ ላይ ፈነዳ፣ ብዙ ጊዜ ወጥቶ አላልቅ አለ። የባትሪ ገመዱ በተነቀለ መኪና ያንን ታንክ ማን ሞላው?

ሙስጠፋ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ገመዱን አሰረ፣ ማብሪያውን ተጫነው፣ ታንኩ ሞላ፣ በሰዓቱ ቆመ። ዶክተሯ አጨበጨበች። እሱ ወደ እኔ እየጠቆመ "ሐሳቡ የጋሼ ነው" አላት፣ እሷም አመሰገነችኝ፣ እኔ ግን ያን ሁሉ ካየሁ በኋላም፣ ለእሱ ስታጨበጭብ ሳያት ያው ነገር ደረቴ ውስጥ ተነሳ። ፈርቼ እንኳ ቀናሁ፣ ይታያችሁ።

ዶክተሯ ሳምንት ቆይታ ስትመለስ፣ አንድ ሸለቆ ውስጥ እሾህ ጎማዋን ወግቶት፣ ተራራው ላይ ደግሞ ደመና ጠቁሮ እንደነበር ነገረችን። ቀዳዳውን ደፍነው በደቂቃ ነፍተው ወጡ፣ ጎርፉ ወዲያው እነሱ የነበሩበትን ቦታ ጠረገው። አብረዋት ሁለት ረዳቶችና አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ነበሩ። እኔ ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ሙቀት ነው፣ ረሃብ ነው፣ ኅሊናዬ ነው ብዬ እተወው ነበር። ወር ገደማ አልፎ ሙስጠፋ 31 ሜይ የሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ለምሳ ጠራኝ፣ እናቱን እንዳያት። በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ስገባ ግን ትራሷን ተደግፋ ቀና አለችና እንደሚያውቁት ሰው ፈገግ አለችልኝ።

"ተሻለህ ልጄ?" አለችኝ በጅጅጋ አማርኛዋ።

"ይመስገን፣ ደኅና ነኝ እናቴ" አልኩ፣ ሰላምታ መስሎኝ።

በላን፣ ተጫወትን። ሙስጠፋ ውሃ ሊያመጣ ሲነሳ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "ያን ቀን አየር ማረፊያው እሱ ታክሲ ሊፈልግ ሲሄድ አጠገቤ ተቀምጠህ ስታለቅስ አንጀቴን በላኸው" አለችኝ። "እጄ ዘይት ስለሆነ አልጨብጥሽም አልከኝ። ውሃ ሰጠሁህ።"

"እኔ አልነበርኩም እናቴ፣ እኔ ጋራዥ ነበርኩ" ልላት አሰብኩ። እሷ ግን እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ ቀጠለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናት ልጇን እንደምትገሥጸው።

"የነገርከኝን ለልጄ አልነገርኩትም። የመጀመሪያውን ይቅር ብዬሃለሁ፣ ወላሂ ከልቤ። ሁለተኛውን ግን እንዳታደርገው።"

ሙስጠፋ ውሃውን ይዞ ገባ፣ እሷም ወሬ ቀየረች። እኔ ያደረግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱን ነግሬያችኋለሁ። ሁለተኛው ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ልጠይቃትም አልደፈርኩም፣ ብትነግረኝ የማውቀው ይመስለኛል።

አሁን ሙስጠፋ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት ነው፣ ቦታውንም አግኝቷል፣ ዶክተሯን ጨምሮ ደንበኞቹ ሁሉ ይከተሉታል። "ጋሼ፣ አብረን እንሥራ፣ እኩል እንካፈል" ብሎኛል። መልሴን እየጠበቀ ነው። እስካሁን አልሰጠሁትም፣ ያ ሁለተኛው ነገር የሚመጣው እሺ ብለው ይሁን እምቢ ብለው አላውቅማ።