ዘጠነኛው ወጋግራ

እስከ ዛሬ እንጨት ሲያቃስት ከሰማሁ ከቤት ሮጬ እወጣለሁ።

የአባቴ ቤት እንግሊዝ አገር፣ ሽሮፕሻየር ገጠር ውስጥ ያለ አራት መቶ ዓመት የሞላው ቤት ነው። ምሰሶው፣ ወጋግራው፣ ጣሪያው ሁሉ ኦክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ነው፤ በመሀሉ ጭቃ ተመርጎበታል። አንዱ ግድግዳ ወደ አትክልቱ ማዘንበል ሲጀምር አናጢው ኤዝራ ፕሮበርት መጣ። እኔና እሱ ከመተያየትና ከማቀርቀር በቀር ወግ አልነበረንም።

ኤዝራ የነቀላቸውን እንጨቶች ቦታቸው እንዳይጠፋበት በጠመኔ የሮማ ቁጥር ጻፈባቸው። ዝናብ ሲያጥበው ጊዜ፣

«ሄስተር፣ አስተማሪ አይደለሽ? እስኪ እንደነበረው አድሽልኝ» አለኝ።

ዘጠኝን እንደ ድሮ አናጢዎች አንድ ሹል ማዕዘንና አራት ጭረት አድርጎ ጽፎታል። «አይ ያልተማረ!» ብዬ ሳቅሁና፣ ለተማሪዎቼ እንደማስተምረው አንድ ጭረትና መስቀል አደረግሁት። ቁጥር ማረሜ ነበር እኮ!

በማግስቱ ወጋግራዎቹን መልሶ ገጠመ። የመጨረሻውን ድጋፍ ሲያነሳ ቤቱ አቃሰተ። ጣሪያው ዝቅ አለ፤ ኤዝራ ድጋፉን በትከሻው መልሶ ያዘው።

ቀና ስል የገዛ ጽሑፌን ከአናቱ በላይ ባለው እንጨት ላይ አየሁት። እንጨቱ ተገልብጦ መስቀሉ ፊት፣ ጭረቱ ኋላ ሆኗል። አሥራ አንድ! ዘጠኙን በአሥራ አንድ ቦታ ገጥሞታል።

«ኤዝራ! ያ ዘጠኝ ነው! እኔ ነኝ የቀየርኩት! ገደልኩህ!»

«አትጠጊ!» ፊቱ አመድ መስሏል። «ወዲያ በይ፣ ይወድቅብሻል!»

አቧራ ቦነነ። መሮጥም መቆምም አቃተኝ።

«ሄስተር…» አለ በጭንቅ። «እባክሽ… አንድ ነገር…»

«እሺ! አገባሃለሁ! ብቻ ውጣልኝ!»

ከድጋፉ ሥር አንገቱን አዙሮ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «መዶሻውን… ወርውሪልኝ» አለ።

ወረወርኩለት። ከድጋፉ ሥር ሽብልቅ ሲመታ በየምቱ ቤቱ ያቃስታል፣ እኔም አብሬው አቃስታለሁ። ድጋፉ ቆመለት። እየዳኸ ወጣ፤ ሁለታችንም ሣሩ ላይ ዘርፈጥ አልን።

«ልለምንሽ የነበረው መዶሻውን ነበር» አለኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ገባኝ አልኩህ! በቃ፣ ተወው!»

«አልተወውም!» እጄን ያዘኝ። «ይሄ እኮ የሁለት ሳምንት ሥራ ነበር። እንዴት ብዬ እንደምጠይቅሽ ጨንቆኝ ነው ሁለት ወር የተጎለትኩት።»