ካርዷ እንደተከተበች የሚናገርላት ሕፃን

የአሥር ወሯ ኤፍራታ ሰኞ ዕለት በኩፍኝ ሞተች። ካርዷ ግን የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች ይላል።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ዓባይነህ ጥፋተኛዋን ለማግኘት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰኔ 2012 ነው፤ ኮሮና አገሩን ይዞታል፤ የእሱ ማስክ ግን ከአገጩ ከፍ ብሎ አያውቅም። ከጂንካ ለምርመራ የመጣችውን ሲስተር ትርፌን ወንበር ጋብዞ ማስረዳት ጀመረ።

«እናትየዋ ናት፣ ሲስተር። ኮሮና ፈርታ ልጅቷ ስትታመም ለሕክምና ሳታመጣት ቤት ደበቀቻት። ግንዛቤ የላቸውም እኮ! ቀበሌው ሊቀጣት ነው።»

«ክትባቱንስ?»

«ግንቦት 12 ወስዳለች። ይኸው ካርዷ!» ከመሳቢያው መዞ አወጣ።

«እናትየዋ የምትይዘው ካርድ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?»

«እነሱማ ይጥሉታል። ለሪፖርት ሰብስቤው ነው። መቶ በመቶ ነን!»

ትርፌ ሃያ ዓመት ሙሉ ሪፖርት አንብባለች፤ መቶ በመቶ የሚል ስታይ ማቀዝቀዣውን ሳታይ አታምንም። ተነስታ የክትባቱን ማቀዝቀዣ ከፈተች። በሚያዝያ የመጡት አሥር የኩፍኝ ክትባት ጠርሙሶች አሥሩም እንደታሸጉ ተደርድረዋል። መልሳ ዘጋችው።

ከታቢዋ አልማዝ በር ላይ ቆማለች።

«አልማዝ፣ ይቺን ልጅ ከትበሻታል?»

«ካርዱ ላይ ካለማ…»

«ካርዱን መቼ ጠየቅኩሽ?»

አልማዝ ዓይኗን ወደ አቶ ዓባይነህ ጣለች።

የሟቿ እናት ጋዲ የበና ብሔረሰብ ሴት ናት። ከለቅሶው ይልቅ የጎረቤቱ ሐሜት አጥንቷ ድረስ ዘልቋል፤ ልጇን በእጇ ገደለች እየተባለች ነው።

«ወስደሻት ነበር?» አለቻት ትርፌ ቤቷ ሄዳ አጠገቧ ተቀምጣ።

«ሦስት ጊዜ። ዘጠኝ ወር ሲሞላት የኩፍኝ መርፌ አለ፤ አውቃለሁ። የሚከተበው ልጅ ቁጥር አልሞላም፣ በአሥራ አራት ቀን ተመለሺ ይሉኛል።»

«ቀኑን በምን ቆጠርሽ?»

ጋዲ ገመድ አወጣች። በበና ለከብት ዝላይ ሥነ ሥርዓት የተጠራ ሰው ቋጠሮ ያለበት ገመድ ይሰጠዋል፤ በየቀኑ አንድ እየፈታ ቀኑን ሳያዛንፍ ይደርሳል። ጋዲ የቀጠሮዋን አሥራ አራት ቋጠሮ ቋጥራ ነበር። ልጅቷ ስትሞት መፍታቱን ተወችው፤ ሦስት ቀርቷል።

በማግስቱ ትርፌ ዓባይነህን፣ አልማዝንና ጋዲን ጤና ጣቢያው ግቢ አራርቃ አቆመች። የቀበሌው ሊቀመንበር ሶርሳም መጣ፤ የጋዲ ጎረቤት የዓመት ልጇን ታቅፋ ከዳር ቆመች።

«ግንቦት 12 የተከተበች ልጅ እናት በሰኔ የምን ቀጠሮ ትቆጥራለች?» አለች ትርፌ ገመዱን ይዛ።

«ለሁለተኛው ዙር ይሆናላ!» አለ ዓባይነህ።

«ሁለተኛው በአሥራ አምስት ወር ነው። አምስት ወር በአሥራ አራት ቋጠሮ ይቆጠራል እንዴ? ማቀዝቀዣዎም ይናገራል፤ አንድም ጠርሙስ አልተከፈተም። ካርዱን የሞላውስ ማነው? አልማዝ እንዳልል፣ ግንቦት 12 በኮሮና ተጠርጥራ ለይቶ ማቆያ ነበረች። ያስገቧት እርስዎ ነዎት፤ ደብዳቤው ላይ ፊርማዎ አለ። ካርዶቹ ደግሞ የእርስዎ መሳቢያ ውስጥ ናቸው።»

ዓባይነህ ማስኩን ወደ ላይ ሳበው። ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫውን ሸፈነ።

«አንዱ ጠርሙስ ለአሥር ልጅ ነው» አለ። «ከተከፈተ ከስድስት ሰዓት በኋላ ይጣላል። ብክነት ብለው የሚገመግሙት እኔን ነው!»

«እሰይ! ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ በታወጀበት ወቅት፣ አሥር ሕፃን እስኪሰበሰብ ጠበቁ። መመሪያው ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ይላል። ግንዛቤ የሌለው ማነው አቶ ዓባይነህ? ይቺ ሴት ሳትማር ቀኗን አላጎደለችም። እርስዎ ዲግሪዎን ይዘው ሕፃን በእስክሪብቶ ከተቡ።»

ሶርሳ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅጣቱ ቀርቷል» አለ ወደ ጋዲ እያየ።

ትርፌ ወደ ጎረቤትየዋ ዞረች። «የዚህ ልጅሽ ካርድስ?»

«እሳቸው ጋ ነው» አለች ወደ ዓባይነህ እያየች።

«አልማዝ፣ አንድ ጠርሙስ አምጪ።»

«ዘጠኙ ሊባክን?» አለ ዓባይነህ ሳያስበው።

አልማዝ መድኃኒቱን በጠበጠች፣ በመርፌ ሳበች፣ ልጁን ወጋችው። ልጁ ጮኸ፣ እናቱ ጡት ሰጠችውና ዝም አለ። ሁሉም ከአንድ እስከ መቶ እስኪቆጠር እንኳ አልፈጀም።

ጋዲ አልማዝን አየቻት።

«ያኔ እኔ ልጄን ይዤ ስመጣም እንዲህ ማድረግ ይቻል ነበር?»

አልማዝ እንባዋ መጣ።

«ይቻል ነበር» አለች።