ሊቀመንበር የሚፈራቸው ሰዎች

«ልጅት፣ ከበሩ ላይ ተነሺ!» አሉ ኦቦ ቀንዓ። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ተነስ ብለውት የማይነሳ ሰው አያውቁም።

ለንሳ አልተነሳችም። ግቢያቸው ውስጥ ባለው፣ የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት በሚቀመጥበት ዕቃ ቤት ደፍ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከኋላዋ፣ በወንበሮቹ መካከል፣ ውሻዋ ሊቀመንበር ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል። ከፊቷ የጎረቤቷ ልጅ ጋሮማ ገመድ ይዞ ቆሟል። ጋሮማ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ሁሉን አዋቂ ሆኗል።

ውሻው ይህን ስም ያገኘው የእድር ስብሰባ ቀርቶ ስለማያውቅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እሁድ እሁድ፣ አባላቱን አንድ በአንድ ግቢው በር ላይ ይቀበልና መሃላቸው ገብቶ ይተኛል። አምቦ ውስጥ የሁሉቃ ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ ለቅሶ የሚደርስ ውሻ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሰው ሲመጣ ይደበቅ ጀመር። ያውም የሚያውቀው ሰው ሲመጣ! በወር አንዴ የሚመጣውን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ጭራውን እየቆላ ይቀበላል፤ ከቡችላነቱ ጀምሮ አጥንት የሚጥሉለትን ኦቦ ቀንዓን ይሸሻል። ዛሬ ጠዋትማ ራሱን ሊያሻሹት ሲሉ ጮኾ እጃቸው ላይ ዘለለ። ጥርሱ ያገኘው የኮታቸውን እጅጌ ብቻ ነው።

«ወዳጁን የሚናከስ ውሻ አብዷል። ስብሰባው ሳይጀመር ከዚህ ይውጣና ይገደል» አሉ።

«አላበደም! በጥቅምት ተከትቧል፤ ካርዱ ቤት አለ።»

«ለንሲ፣ አታካብጂ በቃ» አለ ጋሮማ። «አርጅቷል እኮ።»

«አንተ ዝም በል! ገመድ ስለያዝክ የእንስሳት ሐኪም ሆንክ?»

ግቢው መሃል ወደቆመው አባቷ ዞረች። አባቷ ጅሩ በጉደርና በእጃጂ መካከል አይሱዙ ይነዳል። ሲመጣ ደክሞት ስለሆነ ብዙ አያወራም። አሁንም መሬት መሬት እያየ ነው።

«ተይው ለንሳ» አላት ቀስ ብሎ። «እኔንም ፈርቶኛል። በእጄ ያሳደግኩት ውሻ ከሸሸኝ ምን ቀረው?»

ያኔ ለለንሳ ገባት። አባቷ አልተቆጣም፤ ተቀይሟል። አሳዘናት፤ ግን ይበልጥ ተናደደች። ቅር አለኝ ተብሎ ውሻ ይገደላል?

«ዓይኑ ጠፍቷል አባዬ! ትናንት እጄን ፊቱ ላይ ሳወዛውዝ እንኳ አላርገበገበም። ቆጣሪ አንባቢው በር ላይ ቆሞ ‹ቤቶች!› ብሎ ይጣራል፤ ስለዚህ ሰው መምጣቱን ያውቃል። እናንተ ግን ቤተኛ ናችሁ። በሩ ሁሌ ክፍት ነው፤ ዝም ብላችሁ ትገቡና ራሱ ላይ እጃችሁን ታሳርፋላችሁ። እናንተ ብትሆኑ አትደነግጡም?» እጇን ወደ ግቢው በር ዘረጋች። «ውጡና ተጣርታችሁ ግቡ! ከሸሸ ገመዱን እኔ ራሴ አስርለታለሁ።»

ኦቦ ቀንዓ ሳቁ። «እኔ ቀንዓ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ለውሻ ‹ቤቶች› ልበል?»

ጋሮማም ሳቀ። አባቷ ግን ከግቢው ወጣ።

አፍሮ እንደሆነ ለንሳ አውቃለች፤ አላፊ አግዳሚው እያየው የገዛ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። የተናገረችውም አስፈራት። ሊቀመንበር ባይወጣስ?

«ቤቶች!» አለ አባቷ በመጨረሻ። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ሊቀመንበር! አካም ጂርታ? እንዴት ነህ?»

ውሻው ጆሮውን አቆመ። የለንሳን እግር ተሻግሮ ወጣ፤ ከአንድ ድስት ጋር ተጋጨ፤ ድምፁ ወደመጣበት ሄደ። አባቷ ተንበርክኮ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቀው። ሊቀመንበር አሸተተውና ጭራው ከነወገቡ ይወዛወዝ ጀመር።

«ይቅር በለኝ» ሲለው ለንሳ ሰማች። እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ጋሮማ ገመዱን ጠቀለለ። ኦቦ ቀንዓ ግን ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ጥሩ ነው፤ እናንተ ተጣሩለት። እኔ ለውሻ አልጣራም! አሁን አባላቱን ይዤ እመጣለሁ፤ እናያለን» ብለው ወጡ፤ ጋሮማም ተከተላቸው።

ለንሳ እስከ በር ሸኘቻቸው። ከራቁ በኋላ የግቢውን የቆርቆሮ በር ዘጋችው። ለዓመታት ስላልተዘጋ መወርወሪያው ዝጓል፤ በሁለት እጇ ገፍታ አስገባችው። አባቷ አያት፤ ተይ አላላትም።

ብዙም ሳይቆይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። አንድ ሰው በሩን ገፋ። አልከፈት ሲለው አጥብቆ ገፋ። ሊቀመንበር ወደ እግሯ ተጠጋ።

ለንሳ «ማነው?» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። «ቤቶች!» ብለው እስኪጣሩ ድረስ በሩን አትከፍትም።