የተጠቀለለው እጅጌ

ዶክተር መክብብ ከንብ ቀፎዎቻቸው መሃል በንቦች ተነድፈው ሞተው፣ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ዕለት ጠዋት ነው። ከተማው ወደ በዓሉ አደባባይ ወደ ጉዱማሌ ሲተም የዩኒቨርሲቲውን የንብ ምርምር ግቢ ፖሊስ ሞላው። ንቦቹን የሚንከባከበው ግዛቸው፣ ቀፎ ሳትከድን ትተሃል ተብሎ ያኔውኑ ታሰረ። ተማሪያቸው ታቢታ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። አይ ዝምታ፣ ለካ እሱም ይከብዳል!

ኢንስፔክተር ሩሀማ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። መጀመሪያ የሟቹን ባልደረባ ክብሩን ጠየቀች። በጥናቱ ላይ የማን ስም ይቅደም ብለው ተኳርፈው እንደነበር አልካደም፤ ሞታቸውን ግን አልተመኘሁም አለ።

ቀጥላ ታቢታን ስለ ሥራቸው ጠየቀቻት። ንብ ስትናደፍ ሙዝ ሙዝ የሚል ሽታ ትለቃለች፤ ሌሎቹም ሽታው ያረፈበትን መርጠው ይነድፋሉ። እነሱ ያንን ሽታ በብልቃጥ እያዘጋጁ የየቀፎውን ቁጣ ያወዳድሩ ነበር። በጋራ ከሚለብሷቸው የንብ መከላከያ ቱታዎች ሽታው የነካው ወዲያው ይታጠባል እንጂ ከንጹሖቹ ጋር አይሰቀልም።

«በዋዜማው ሙከራውን የሠራው ማነው?»

«ሁላችንም ነበርን» አለች ታቢታ።

ሩሀማ የሟቹን ቱታ አንስታ እጅጌውን ደጋግማ አሸተተች።

በማግስቱ ቱታ በሚሰቀልበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ግዛቸውም ከጣቢያ መጥቷል።

«ቀፎ ክፍት ቢሆን ኖሮ ንቦቹ ያገኙትን ሁሉ ይነድፉ ነበር» አለች። «እዚህ ግን ንድፊያው የተከመረው ግራ እጅጌው ላይ ነው። እጅጌው ደግሞ ተጠቅልሎ የነበረ ነው፤ መስመሩ ይታያል። ዶክተሩ፣ ክብሩና ግዛቸው ረጃጅሞች ናቸው፤ ምን ያስጠቀልላቸዋል? ሽታው በጥቅልሉ ውስጥ ታምቆ አደረ፤ ዶክተሩ ለብሰው ሲዘረጉት ወጣ። በዋዜማው ይህን ቱታ የለበሰው አጭር ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ታቢታ ዞሩ። መካድ አማራት፤ ግን የዶክተሩ ፊት መጣባት።

«ጓደኞቼ ለበዓሉ እንሂድ ብለው በር ላይ ሲጠሩኝ ቸኮልኩ። ነገ አጥበዋለሁ ብዬ ከንጹሖቹ ጋር ሰቀልኩት።»

«ቸልታሽን ፍርድ ቤት ያየዋል» አለች ሩሀማ። «ግዛቸው ሲታሰር ግን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ግዛቸው ቀና ብሎ አያት። ትናንት ማታ ጣቢያ ድረስ እራት ይዛለት የሄደችው እሷ ብቻ ነበረች።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ስመርቅሽ ነው ያደርኩት።»